ኮህሊ ሄደ፣ ጃዴጃ ገባ

ጥያቄ፦ ዱባይ ከህንዶች ጋር ነው የምሠራው። የክሪኬት ቡድናቸው በፈረንጆቹ 2020 አውስትራሊያ ውስጥ አደላይድ ላይ በ36 ነጥብ ካለቀ በኋላ፣ በአምበሉ ኮህሊ ቦታ ጃዴጃን ማሰለፉን እስካሁን ያወድሳሉ። መቺ ሲጎድል የሚተካው በመቺ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ እኔም የቡድኑ ደጋፊ ነኝና ገለልተኛ ነኝ አልልም። ኮህሊ ልጅ ሊወለድለት ስለነበር ከአደላይድ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። ብዙዎቻችን ተጨማሪ መቺ ጠብቀን ነበር። ግን በቴስት ክሪኬት ነጥብ መቆለል ብቻውን አያሸንፍም፤ በአምስት ቀን ውስጥ የተጋጣሚን 20 ዊኬት መጣል፣ ማለትም መቺዎቹን ማስወጣት፣ ግድ ነው። ጃዴጃ ይወረውራልም፣ ይመታልም። ሜልቦርን ላይ ከተተኪው አምበል ራሃኔ ጋር 121 ነጥብ አስቆጠሩ፤ የራሱ ድርሻ 57 ነበር። ሦስት ዊኬትም ጣለ። ህንድ በስምንት ዊኬት አሸነፈች።

የማልስማማበት ምርጫ ሌላ ነው፦ ዊኬት ጠባቂው ፓንት አደላይድ ላይ ለምን ተቀመጠ? በቦታው የተሰለፈው ሳሃ በጓንት የተሻለ ነው ተባለ። ይሁን። ብሪዝበን ላይ ግን 328 ነጥብ ሲያሳድዱ 89 አስቆጥሮ ሳይወጣ ጨዋታውን የጨረሰው ፓንት ነው፤ ያውም አውስትራሊያ ከ1988 ጀምሮ ባልተሸነፈችበት ሜዳ።

ብሪዝበን ላይ ወርዋሪዎቹ ቡምራም፣ አሽዊንም፣ ጃዴጃም በጉዳት አልነበሩም። በልምምድ ኳስ እንዲወረውሩ የተያዙት ናታራጃንና ሱንዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ቴስት ተሰለፉ፤ በመጀመሪያው ዙር ሦስት ሦስት ዊኬት ጣሉ። ሱንዳር በዚያ ላይ 62 ነጥብ ጨመረ። ይህን ማንም መራጭ አስቀድሞ አቅዶታል ቢሉህ አትመናቸው።