ሆሳዕና ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ የወተት ማሽን የሚገዛ ይህን ይወቅ

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ የወተት ማቀነባበሪያ ለመክፈት የሚያስብ ባለሀብት ከሻጩ ጋር ሲደራደር በቅድሚያ የሚያነሣው የማሽኑን ዋጋና በሰዓት የሚያወጣውን ሊትር ነው። ስለ ሙቀት መለኪያው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም የድርጅቱን ስምና የሸማቹን ጤና የሚጠብቀው ይኸው ትንሽ ዕቃ ነው።

በተለመደው የፓስቸራይዜሽን አሠራር ወተት በ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ሰኮንድ መቆየት አለበት። ከዚህ ከወረደ እንደ ከብት ነቀርሳና ብሩሴላ ያሉ በሽታዎች ወደ ጠጪው ሊደርሱ ይችላሉ። ስለዚህ በቧንቧው ውስጥ ሴንሰር ይገባል፤ ትራንስሚተር የተባለው መሣሪያ የሴንሰሩን ንባብ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር በሆነ የኤሌክትሪክ ምልክት ለመቆጣጠሪያው ይልካል። ሙቀቱ ሲጎድል መላሽ ቫልቩ ወተቱን እንደገና እንዲሞቅ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ይህ ሥርዓት አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ቢበላሽም ሥራው አይቆምም። ወተቱ ይወጣል፣ ይታሸጋል፣ ይሸጣል። ብልሽቱ የሚታወቀው ሆን ብለው ሲፈትኑት ብቻ ነው።

አደጋው ደግሞ በፍተሻው ውስጥም አለ። አንዳንድ ቴክኒሻን ሴንሰሩን ከፈላ ውኃ ነክሮ ንባቡ 100 እስኪሆን ያስተካክላል። ይህ በባሕር ጠረፍ ያስኬዳል። ሆሳዕና ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፤ ውኃም የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዜሮው ሳይነካ 93ቱ 100 ተብሎ ከተስተካከለ፣ መሣሪያው 72 ሲል እውነተኛው ሙቀት 67 ገደማ ይሆናል። ቫልቩም ያልበሰለውን ወተት ያሳልፋል። ፍተሻው ራሱ ጉዳት አመጣ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ስህተት በትልልቆቹም ዘንድ ደርሷል። መጋቢት 14 ቀን 1997 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ በነበረው የቢፒ ነዳጅ ማጣሪያ በደረሰው ፍንዳታ 15 ሰዎች ሞተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ የፈሳሽ ከፍታ የሚለካው ትራንስሚተር በትክክል አለመስተካከሉ ነበር፤ ማማው እየሞላ ሳለ መሣሪያው እየጎደለ ነው ይል ነበር።

ታዲያ ትክክለኛው ፍተሻ የቱ ነው? አንደኛ፣ በንጹሕ ውኃ በተሠራና በሚቀልጥ በረዶ መፈተሽ ነው። ይህ ነጥብ በከፍታ አይለወጥም ሊባል ይችላል፤ ፒቲ 100 የተባለው ሴንሰርም እዚያ 100 ኦም ያሳያል። ሁለተኛ፣ ወሳኙን 72 ዲግሪ የምስክር ወረቀት ካለው ቴርሞሜትር ጋር በአንድ ሙቅ ውኃ ውስጥ ማስተያየት ነው። ከ0 እስከ 100 ለተመደበ ትራንስሚተር ምልክቱ 15.52 ሚሊአምፔር መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ የሴንሰሩን ሽቦ መንቀል ነው። ሽቦው ሲበጠስ ምልክቱ ወደ ላይ ከዘለለ መቆጣጠሪያው ወተቱ በሚገባ ሞቋል ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ወደ ታች እንዲወርድ መደረግ አለበት። አራተኛ፣ ማሽኑን በውኃ እያሠሩ ሙቀቱን ቀንሶ ቫልቩ በእርግጥ መመለሱን በዓይን ማየት ነው። መለኪያው ደኅና ሆኖ ቫልቩ ከነቀዘ ፋይዳ የለውም።

በየስንት ጊዜ? ነገሩ እንደ መጋዘን ቆጠራ ነው። በዓመት አንዴ የሚቆጥር ነጋዴ ጉድለቱ በአማካይ ለስድስት ወር ያህል ተደብቆበት ይቆያል፤ በአራት ዓመት አንዴ የሚቆጥር ግን ለሁለት ዓመት። የተደበቀ ብልሽትም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ገዢ ሆይ፣ በተለይ ያገለገለ ማሽን የምትገዛ ከሆነ፣ ዋጋ ከመቁረጥህ በፊት የመጨረሻውን የፍተሻ መዝገብ ጠይቅ፤ ቀኑን፣ ከማስተካከሉ በፊት የታየውን ንባብና የማነጻጸሪያውን ቴርሞሜትር የምስክር ወረቀት ተመልከት። ወረቀት ከሌለ አዲስ አበባ ከሚገኘው የአገሪቱ የሥነ ልክ ተቋም የማስፈተሻውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። ደላላም ቢሆን ይህን መዝገብ ይዞ የቀረበ እንደሆነ ኮሚሽኑን በሚገባ አገኘው ማለት ነው።