የአሠራርን ቅደም ተከተል መግለጽ

ከዚህ በፊት ባሉት ትምህርቶች ሰውን፣ ቦታንና ዕቃን በጽሑፍ እንዴት እንደምትገልጹ አይታችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚከናወን ጽፎ ማስረዳትን ትማራላችሁ። እንዲህ ያለው ድርሰት ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የቡናን አፈላል የጻፈ ሰው ቢሳሳት ጉዳቱ አንድ ጀበና ቡና ነው፤ ሌላ ይፈላል። ሥራው ዳግመኛ የማይሞከር ሲሆን ግን የጸሐፊው ስሕተት መታረሚያ የለውም። ለምሳሌነት የመረጥነውም እንዲህ ያለውን ሥራ ነው። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጽሞና አንብቡ።

አሮጌው ካሜራና ጊዜው ያለፈበት ፊልም

ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1932 ለቤተሰብ መገልገያ የሚሆን አነስተኛ የሲኒማ ካሜራና ለእርሱ የሚስማማ ፊልም ለገበያ አቀረበ። ፊልሙ 16 ሚሊ ሜትር ወርድና 7.5 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። ካሜራው በመጀመሪያ በፊልሙ ግማሽ ወርድ ላይ ብቻ ያነሣል፤ ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቱ መጠቅለያውን ገልብጦ ያስገባና በቀረው ግማሽ ላይ ያነሣል። ፊልሙ ከታጠበ በኋላ በቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ጫፍ ለጫፍ ሲቀጠል 15 ሜትር ይሆናል። በሴኮንድ 16 ምስል የተነሣ እንደ ሆነ ይህ ሁሉ ታይቶ የሚያልቀው በ4 ደቂቃ ያህል ነው።

ከእነዚህ ካሜራዎች ብዙዎቹ እንደ ሰዓት በሚጠመዘዝ ሞላ ስለሚንቀሳቀሱ ባትሪ አይሹም፤ ዛሬም የሚሠሩ አሉ። የሚቸግረው ፊልሙና መጠቅለያው ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ የሚደሰቱ ሰዎች ጊዜው ያለፈበትን ፊልም ከአሮጌ ሣጥን ፈልገው ያወጣሉ፤ የጠፋውን መጠቅለያ ደግሞ ራሳቸው ይሠራሉ። አንዳንዶቹ ፕላስቲክ እያቀለጠ ቅርጽ በሚያወጣ ማተሚያ ይጠቀማሉ።

መጠቅለያው የክር ማጠንጠኛን ይመስላል፤ ሁለት ክብ ጎኖችና በመካከላቸው እምብርት አለው። በጎኖቹ መካከል ያለው ስፋት ከ16 ሚሊ ሜትር እጅግ በጥቂቱ ብቻ መብለጥ አለበት። ከጠበበ የፊልሙ ጠርዝ ይፋቃል፤ ከሰፋ ብርሃን ሾልኮ ይገባል። ፕላስቲኩም ጥቁር ይሁን፤ ነጩ ብርሃን ያሳልፋልና። በሁለቱ ጎኖች ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ቅርጻቸው የተለያየ ነው። ይህም ያለምክንያት አልተደረገም፤ መጠቅለያው በተሳሳተው ጎኑ እንዳይገባ ይከለክላል። ሁለቱን ቀዳዳዎች አንድ ዐይነት አድርጎ የሠራ ሰው ቀድሞ በተነሣው ግማሽ ላይ ደግሞ ሊያነሣበት ይችላል፤ ያን ጊዜ የልደት በዓሉና የባቡር ጉዞው ተደራርበው ይወጣሉ።

ጊዜው ያለፈበት ፊልም ለብርሃን ያለው ስሜት ይደክማል፤ ጭጋግም ይጋርደዋል። በልማድ ለየ10 ዓመቱ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ይበቃል ይባላል። ይህ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፤ በቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ፊልም በሞቃት ጣራ ሥር ከኖረው ይሻላል። ኮዳክሮም የተባለው የቀለም ፊልም ደግሞ የራሱ ችግር አለው። የመጨረሻው ማጠቢያ ቤት፣ በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት በፓርሰንስ ከተማ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2010 ይህን ፊልም መቀበል አቆመ፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ በጥቁርና ነጭ ብቻ ይታጠባል።

ማብራሪያ

አንዳንዱ ፊልም 30 ሜትር ሆኖ ስለሚገኝ ተቆርጦ ቤት ውስጥ በተሠራው መጠቅለያ ላይ መጠቅለል ይኖርበታል። ይህ የሚከናወነው በድቅድቅ ጨለማ ነው። በጨለማ መመሪያ ማንበብ አይቻልም፤ ሠራተኛው በቃሉ የያዘውን ይፈጽማል። እንግዲህ የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. መብራቱን አጥፍታችሁ ጣሳውን ክፈቱ።
2. ጣሳውን ከፍታችሁ መብራቱን አጥፉ።

ሁለቱም በሰዋስው ረገድ ትክክል ናቸው፤ ቃላቱም ያው ናቸው። ሆኖም ሁለተኛውን የታዘዘ ሰው ፊልሙን አቃጥሏል። ለውጡን ያመጣው ቦዝ አንቀጹ ነው። በመጀመሪያው «አጥፍታችሁ»፣ በሁለተኛው «ከፍታችሁ» የሚለው ከማሠሪያ አንቀጹ በፊት የሚፈጸመውን ድርጊት ያመለክታል። ነገር ግን ቦዝ አንቀጽ ሁልጊዜ ቅድሚያን አያሳይም። «ቆማችሁ ጠቅልሉ» ብንል «ቆማችሁ» የሚለው የአሠራሩን ሁኔታ ይነግረናል፤ መቆሙና መጠቅለሉ ባንድ ጊዜ ይሆናሉ። ጥርጣሬ በሚፈጠርበት ቦታ «ከ...በፊት»፣ «ከ...በኋላ» ወይም «ሳ» የሚለውን አፍራሽ መጠቀም ይሻላል፦ «መብራቱን ሳታጠፉ ጣሳውን አትክፈቱ።»

አሁን ወደ ምንባቡ ተመለሱና «ፊልሙ ሲያልቅ» የሚለውን ሐረግ ፈልጉ። በትረካ ውስጥ ስለሆነ አያስነቅፍም። በመመሪያ ውስጥ ቢሆን ግን «ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራውን ክፈቱ» ማለት «ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው» ተብሎ ሊተረጐም ይችላል፤ ጫፉ ገና ሳይጠቀለል የተከፈተ ካሜራም የመጨረሻዎቹን ምስሎች ያጠፋል። «ፊልሙ አልቆ ጫፉ ከተጠቀለለ በኋላ ክፈቱ» ማለት ተገቢ ነው።

«ጥቂት»፣ «በመጠኑ»፣ «እንደሚገባ» የሚሉትን ቃላት በተማሪዎች ደብተር ላይ ደጋግመን አይተናል፤ ጸሐፊው ልኩን ሳያውቅ ሲቀር የሚሸሸግባቸው ቃላት ናቸው። «ብርሃኑን ጥቂት ጨምሩ» ከሚል ይልቅ «ዲያፍራሙን ከ8 ወደ 5.6 ክፈቱ» ቢባል ብርሃኑ በእጥፍ መጨመሩ ይታወቃል። ልኩ በእርግጥ የማይታወቅ ከሆነም የሚታወቅበትን መንገድ መጻፍ ይቻላል፦ «ከፊልሙ ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር አንሡበት፤ በጨለማ ቆርጣችሁ እጠቡት፤ ውጤቱን ሳታዩ የቀረውን አትንኩ።» በዚህ ቁራጭ ላይ 80 ያህል ምስሎች ይገኛሉ፤ የ5 ሴኮንድ ሥራ ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉት ትእዛዞች ቅደም ተከተላቸው ተዛብቷል። አስተካክላችሁ ጻፉ።
1. የፊልሙን ጫፍ ከመጠቅለያው እምብርት ጋር አያይዙ።
2. መብራቱን አብሩ።
3. እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ።
4. ጣሳውን ክፈቱ።
5. የተጠቀለለውን ፊልም በጣሳ ውስጥ አድርጋችሁ ክዳኑን ግጠሙ።
6. መብራቱን አጥፉ።
7. ጠርዙን ብቻ በመያዝ ፊልሙን ጠቅልሉ።

ለ. በ«ሀ» ያስተካከላችኋቸውን ትእዛዞች በቦዝ አንቀጽ እያያያዛችሁ ወደ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አሳጥሩ። የትኞቹን ሁለት ትእዛዞች በቦዝ አንቀጽ ብቻ ማያያዝ እንደሚያሠጋ ምክንያቱን ግለጹ።

ሐ. በአካባቢያችሁ ከሚሠሩት ሥራዎች አንድ ጊዜ ከተሳሳተ የማይታረም አንዱን መርጣችሁ አሠራሩን በ150 ቃላት ጻፉ። ከዚያም ጓደኛችሁ ዐይኑን ጨፍኖ እንዲያዳምጥ አድርጋችሁ አንብቡለት፤ ቅደም ተከተሉን በቃሉ ይድገመው። የተሳሳተበትን ቦታ አስምሩበትና ዐረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፉት።