ከእምድብር እስከ መርካቶ፤ የጉዞ ወጪና የትርፍ ሒሳብ

ከእምድብር ዕቃ ለመግዛት አዲስ አበባ የሚመጣ አነስተኛ ነጋዴ ትርፉን ሲያሰላ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዋጋዎችን ያነጻጽራል፤ መርካቶ የገዛበትንና ሱቁ የሸጠበትን። የአልጋ፣ የምግብና የታክሲ ክፍያ ጥቂት በጥቂት ከኪስ ስለሚወጣ ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል። በንግድ ዓይን ሲታይ ግን ዕቃውን ሱቅ ለማድረስ የወጣ ገንዘብ ሁሉ የዕቃው ዋጋ አካል ነው።

ለምሳሌ ያህል 60,000 ብር ይዞ የሚመጣ ነጋዴ እንውሰድ። በዕቃው ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 9,000 ብር ጨምሮ ይሸጣል እንበል። ለደርሶ መልስ መሳፈሪያ 1,000 ብር፣ ለዕቃው ማጓጓዣና ለጫኝና አውራጅ 2,000 ብር፣ ከተማ ውስጥ ለሚቆይበት ለእያንዳንዱ ቀን ደግሞ 1,000 ብር ያወጣል። ሦስት ቀን ቢቆይ ጠቅላላ ወጪው 6,000 ብር ስለሚሆን የሚተርፈው 3,000 ብር ብቻ ነው። በአንድ ቀን ጨርሶ ቢመለስ ወጪው ወደ 4,000 ብር ይወርድና ትርፉ 5,000 ብር ይደርሳል። ካፒታሉም መሸጫ ዋጋውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቆይታው ጊዜ ነው።

ተጨማሪ ቀን መቼ ያዋጣል?

“አንድ ቀን ልደርና ረከስ ያለ ልፈልግ” የሚለው ሐሳብ በቁጥር ሊፈተን ይገባል። በዚሁ ምሳሌ ተጨማሪው ቀን የሚያዋጣው ቅናሹ ከ1,000 ብር፣ ማለትም ከጠቅላላው ግዢ 1.7 በመቶ ገደማ ሲበልጥ ነው። 600,000 ብር ለያዘ ገዢ ግን ያው 1,000 ብር 0.17 በመቶ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ዋጋ ማወዳደር ለትልቁ ነጋዴ የሚያዋጣውን ያህል ለትንሹ አያዋጣም።

የሚመጣበት ቀንም ዋጋ አለው። ከእምድብር በወልቂጤና በወሊሶ አድርጎ ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው፣ አብዛኛው የመርካቶ ሱቅ እሑድ ስለሚዘጋ፣ ሥራ ለማይሠራበት ቀን የአልጋና የምግብ ይከፍላል። በመስከረም 17 ሰሞንም ብዙ የጉራጌ ነጋዴዎች ለመስቀል ወደ አገር ቤት ይወርዳሉ፤ ግዢን ከዚያ አስቀድሞ መጨረስ ይበጃል።

የዘመድ ቤትና የጋራ ግዢ

ከተማ ዘመድ ያለው መንገደኛ የአልጋ ወጪ ይቀርለታል፤ ይሁንና ባዶ እጁን አይሄድም። አዲስ አበባ ገብቶ ስጦታ ከመግዛት ይልቅ ቆጮና ቅቤ ከእምድብር ይዞ መምጣት የተሻለ ሒሳብ ነው። ወጪው በአገር ቤት ዋጋ ይሆናል፤ ተቀባዩ ዘንድ ግን የከተማ ዋጋ አለው።

ሌላው መንገድ የጉዞውን ወጪ መጋራት ነው። እያንዳንዳቸው 60,000 ብር ያላቸው ሦስት ነጋዴዎች አንዱን ወክለው ቢልኩና ሦስት ቀን ቢቆይ፣ መሳፈሪያውና የቆይታው ወጪ 4,000 ብር ለሦስት ይካፈላል። የየራሳቸው የማጓጓዣ 2,000 ብር ሲጨመር የአንዱ ድርሻ 3,333 ብር ገደማ ይሆናል፤ ትርፉም ወደ 5,667 ብር ከፍ ይላል። ከዚህም ሌላ በ180,000 ብር የሚገዛ ሰው የጅምላ ዋጋ ለመደራደር አቅም ያገኛል። እንደ ዕቁብ ተራ በተራ መሄድ፣ የዕቃውን ዓይነትና የዋጋ ጣሪያ አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት፣ ሲመለሱም በደረሰኝ መተሳሰብ ጭቅጭቅን ያስቀራል።

ዋጋን አስቀድሞ ማወቅ

የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባለፈው ጉዞ የተያዘ የዋጋ ዝርዝር፣ በተለይ ከውጭ ለሚገባ ዕቃ፣ አስተማማኝ መመሪያ አይደለም። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ለሁለት ወይም ለሦስት ጅምላ ሻጮች ስልክ መደወል የአንድ ቀን ዙረት ያስቀራል። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርና የባንኮች የሞባይል አገልግሎትም ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መንቀሳቀስ የሚያስከትለውን ሥጋት ይቀንሳሉ።

ሒሳቡ ለመርካቶው ሻጭም ትምህርት አለው። የገጠር ደንበኛውን ትእዛዝ በስልክ ተቀብሎ፣ ዕቃውን አዘጋጅቶ በዕለቱ የሚሸኝ ጅምላ ነጋዴ፣ ከመሸጫ ዋጋው ሳንቲም ሳይቀንስ ለደንበኛው የአንድ ቀን ወጪ አድኖለታል። ይህን የሚያደርግ ሻጭ በዋጋ ከሚወዳደሩት ጎረቤቶቹ ይልቅ የእምድብሩን ገዢ ደጋግሞ የማየት ዕድል አለው።