ድካም የማን ጥፋት ነው?
ከሊማሊሞ ቍልቍለት እስከ ከተማ ባቡር

መኪና ገደል ሲገባ ወይም ባቡር ከሐዲዱ ሲወጣ በአገራችን የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ‹‹ሾፌሩ ምን ነካው?›› መልሱም እንደ ጥያቄው አጭር ነው። ‹‹እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ነው››፣ ‹‹ቸኩሎ ነው››፣ ‹‹ቅሞ ነው›› ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከዚያ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባውን ጥያቄ ነው። ሾፌሩ መሪውን ከጨበጠ ስንት ሰዓት ሆኖት ነበር? ያን ያህል ሰዓት እንዲሠራ ያደረገውስ ማነው?

ሐተታችንን በሦስት ከፍለነዋል። በመጀመሪያ ድካም ምን እንደ ሆነ፣ ቀጥሎ ባቡርን በብዛት የሚጠቀሙ አገሮች ከደረሰባቸው አደጋ ምን እንደ ተማሩ፣ በመጨረሻም ይህ ትምህርት ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ለሚወርደው ሾፌርና ለአዲስ አበባው የባቡር ነጂ ምን እንደሚጠቅም እንመለከታለን።

፩. ድካም ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ድካምን የስንፍና ታናሽ ወንድም አድርገን እናየዋለን። ጠንካራ ሰው በወኔ ያሸንፈዋል፣ ሰነፍ ሰው ይሸነፍለታል እንላለን። ሳይንስ ግን ይህን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1997 ዳውሰንና ሪድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአውስትራሊያ ባደረጉት ፈተና፣ ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጁና የአእምሮው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። ይህም ማለት ከንጋቱ 11 ሰዓት የተነሣ ሾፌር ማታ 4 ሰዓት ላይ አሁንም መሪ ይዞ ከሆነ፣ ጠላ ሳይቀምስ እንደ ጠጪ ይነዳል ማለት ነው። ልዩነቱ የጠጣውን ሰው ትንፋሹ ሲያጋልጠው የደከመውን ሰው የሚያጋልጠው ነገር አለመኖሩ ነው።

ሰዓቱም የራሱ ኃይል አለው። የሰው ሰውነት ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ድረስ እንቅልፍን አጥብቆ ይሻል፤ ከምሳ በኋላም እንዲሁ ይዝላል። በዚህ ጊዜ የደከመ ሰው ለጥቂት ሴኮንድ፣ አንዳንዴም ዐይኑ እንደ ተከፈተ፣ ያንቀላፋል። ጥቂት ሴኮንድ ቀላል አይምሰለን፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ4 ሴኮንድ ውስጥ ከ66 ሜትር በላይ ነጂ ሳይኖረው ይጓዛል። ቡናውና ጫቱም ቢሆኑ የእንቅልፍን ዕዳ ያዘገያሉ እንጂ አይከፍሉም፤ ዕዳው ወለዱን ይዞ ይመለሳል።

፪. የባቡር ትምህርት

ስለ ሾፌር ስንናገር ባቡርን ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባቡር የብዙ ሰው ሥራ ስለ ሆነ አደጋ ሲደርስ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ሰዓት ተመዝግቦ ይገኛል፤ ስለዚህ ድካም ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ይቻላል።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1988 ጧት በለንደን ከተማ፣ ክላፓም ጃንክሽን አጠገብ፣ ወደ ሥራ የሚሄድ ሕዝብ የያዘ ባቡር ከሌላው ጋር ተጋጭቶ 35 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ አንዲት ሽቦ ነበረች። የምልክት መብራቱን ይቀይር የነበረው ሠራተኛ አሮጌውን ሽቦ ቆርጦ ሳያስወግድ ስለ ተወው፣ ቀይ ሊሆን የሚገባው መብራት ቀይ ሳይሆን ቀረ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ‹‹አንድ ግዴለሽ ሠራተኛ›› ተብሎ በተዘጋ ነበር። ነገር ግን አንቶኒ ሂደን የተባሉት የሕግ ሰው የመሩት መርማሪ ጉባኤ የሥራ መዝገቡን ሲገልጥ፣ ያ ሠራተኛ በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ እንደ ነበረ ታወቀ። ሥራውንም የመረመረለት አለቃ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ ምድር ባቡር አንድ የሥራ ፈረቃ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሁለት ፈረቃ መካከል 12 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር፣ የሳምንቱም ሥራ ከ72 ሰዓት እንዳያልፍ ወሰን ተበጀ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ሌላ ነገር ሆነ። ወደ አውሮፕላን ጣቢያው የሚገባ የከተማ ባቡር ሌሊት ላይ ሳይቆም ቀርቶ ማገጃውን ጥሶ በተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ ወጣ። ነጂዋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። የመንግሥቱ መርማሪዎች የሰጡት ፍርድ ልብ ሊባል ይገባዋል። ነጂዋ የዕረፍት ጊዜዋን በደንብ አልተጠቀመችበትም አሉ፤ ወዲያውም መሥሪያ ቤቱ የሥራ ሰዓቷን በሚገባ አላስተዳደረም አሉ። አንዱ ጥፋት ሌላውን አልሰረዘውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ የደረሰውን አደጋ የማያውቅ የለም። ባቡሩ በጠምዛዛው ላይ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ ሠረገላዎቹ ገደል ገብተው ከ400 የሚበልጥ ሕዝብ አለቀ። ነጂው ታሰረ። ይህን ያነሣነው ነጂው ደክሞት ነበር ለማለት አይደለም፤ ከዚያን ያህል እልቂት በሕዝብ ጆሮ የቀረው ‹‹ነጂው ፈጠነ›› የሚል አንድ ቃል ብቻ መሆኑን ለማሳየት ነው።

፫. ሊማሊሞና የአዲስ አበባው ባቡር

አሁን ወደ ሰሜን እንሂድ። ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ፣ ከደባርቅ ቀጥሎ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ይወርዳል፤ ከዚያም በአዲ አርቃይ አድርጎ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ ይዘልቃል። ይህን መንገድ በገደሉ ላይ ያወጡት ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስትሆን ዛሪማ ቆላ ናት። በመካከላቸው ያለው ቍልቍለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል።

20 ቶን የሚመዝን ካሚዮን 1,000 ሜትር ቍልቍል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ500 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት ወደ ፍሬኑ ከሄደ ፍሬኑ ይግልና መያዙን ይተዋል። ስለዚህ አዋቂ ሾፌር ቍልቍለቱን ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገባና መኪናውን በሞተሩ ይይዘዋል፤ ፍሬኑን በየጊዜው ነካ እያደረገ ያሳርፈዋል። ይህ የጉልበት ሥራ ሳይሆን የማሰብ ሥራ ነው። ድካም አስቀድሞ የሚነጥቀው ደግሞ ይህንኑ ማሰብ ነው።

ከአዲስ አበባ የተነሣ ሾፌር ጎንደር ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል፤ ወደ ደባርቅ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። መንገዱ ከባዱን ፈተና ያስቀመጠው በመጨረሻ፣ ሰውየው በዛለበት ሰዓት ነው። ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት መውረዱም አለ። ሙቀት እንቅልፍን አይፈጥርም፤ የተደበቀውን እንቅልፍ ግን ያወጣዋል።

እንግዲህ ይህን ሾፌር ደባርቅ ላይ እንዳያድር የሚገፋው ምንድን ነው? ክፍያው በምልልስ ከሆነ ያደረበት ሌሊት ገንዘብ አያመጣለትም። ባለንብረቱ የመኪናው የባንክ ዕዳ አለበት፤ ነጋዴው ዕቃውን ይጠብቃል። ማንም ‹‹አትተኛ›› ብሎ አላዘዘውም፤ ሂሳቡ ግን አዞታል። አደጋ ሲደርስ ታዲያ ሂሳቡ አይከሰስም። ‹‹አህያውን ፈርቶ ዳውላውን›› ይሉታል አባቶቻችን።

ሕጋችን በዚህ ነገር ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስነዋል፤ ትርፍ ሰዓቱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዛል፤ በሳምንትም 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጣል። የዓለም ሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ቁጥር 153 ስምምነት ሾፌር ሳያርፍ ከ4 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፣ ጠቅላላ መንዳቱም በቀን ከ9 ሰዓት እንዳይበልጥ ብሏል። የጎደለው ቃሉ ሳይሆን ቆጣሪው ነው። በምልልስ የሚከፈለው ሰው ሰዓት ካልተጻፈ አዋጁ ሊይዘው አይችልም።

ስለ አዲስ አበባው ቀላል ባቡርም እንዲሁ ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው ብዙ ተብሎበታል። የቆመ ባቡር በዐይን ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ጋዜጣ ይጽፈዋል። በጧት ፈረቃ ገብቶ የዛለ ነጂ ወይም ሐዲዱን በሌሊት ሲጠግን ያደረ ሠራተኛ ግን አይቆጠርም። የክላፓም ሽቦ የምታስተምረን አደጋ ከማይቆጠረው በኩል እንደሚመጣ ነው።

‹‹ሾፌሩ ራሱ ገንዘብ ፈልጎ ነው የሚነዳው›› የሚሉ ወንድሞች አሉ። እውነት አላቸው። ጫት ቅሞ በሌሊት የሚነዳ ሰው ከኃላፊነት ነጻ ነው አንልም። ነገር ግን የቺካጎው ፍርድ እንዳሳየው የሠራተኛው ጥፋት የአሠሪውን አይሸፍንም፤ የአንድ ቀን ዕረፍት ለልጆቹ የአንድ ቀን እንጀራ የሆነበት ሰው ደግሞ በፈቃዱ መረጠ ለማለት ያስቸግራል። ዕረፍት ገንዘብ እንደሚጠይቅም አንሸሽግም። ለአንድ ካሚዮን ሁለት ሾፌር ቢቀጠር የጭነት ዋጋ ይጨምራል፤ ጭማሪውም እኛ በምንበላው እህል ላይ ይወድቃል። ዛሬ ይህን ዋጋ ሾፌሩ በእንቅልፉ፣ ተሳፋሪው በሕይወቱ እየከፈሉልን ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በማንኛውም የአደጋ መዝገብ ላይ ‹‹ሾፌሩ ያለ ዕረፍት የሠራው ሰዓት›› የሚል መስመር ይኑር። ሁለተኛ፣ ከባድ መኪና ሊማሊሞን ከመውረዱ በፊት ደባርቅ ላይ ሾፌሩ የሚያርፍበት፣ ፍሬኑም የሚታይበት ቦታ ይዘጋጅ፤ ያረፈበትም ጊዜ ከደመወዙ አይቀነስ። ሦስተኛው የኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው። ሕግ የምናጠና፣ ኢኮኖሚ የምናጠና፣ ታሪክም የምናጠና ሁላችን ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንጓዝ መናኸሪያ ላይ ሾፌሩን ‹‹ጋሼ፣ ከተነሡ ስንት ሰዓት ሆነዎት?›› ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም እንጻፈው። የሰውን ሰዓት የሚቆጥር መዝገብ እስኪገኝ ድረስ፣ መዝገቡን ከመጀመር የሚከለክለን የለም።