ኮንቨርት የተደረገ ቪዲዮ ለምን ከዋናው ይበልጣል?

ወደ ጀመዓችን ከሚመጡት የኮምፒውተር ጥያቄዎች አንዱ ተደጋግሞ ስለተነሳ በዚህ እትም ልንማማርበት ወደድን። ቪዲዮው እንዲያንስልን ብለን በኮንቨርተር ስናሳልፈው ለምን ጭራሽ ተልቆ ይወጣል?

ከሉማሜ የመጣ አንድ ወንድማችን ያቀረበውን ጉዳይ ምሳሌ እናድርገው። በእጁ ያለው የቤተሰቡ ኒካሕ የተቀረጸበት የአንድ ሰዓት ቪሲዲ ነው። ዛሬ በሕይወት የሌሉት አያቱ ሙሽሮቹን ሲመርቁ የሚታዩት በዚህ ሲዲ ላይ ብቻ ነው። ሲዲው እየተጫረ ሄዷል፤ ማጫወቻውም ከቤት ከጠፋ ቆይቷል። ወንድማችን ያሰበው ሉማሜ ላሉት እናቱና በየከተማው ለተበተኑት ዘመዶች በቴሌግራም ለመላክ ነበር። ሲዲው ላይ 600 ሜጋባይት ገደማ የነበረው ፋይል ግን ኮንቨርት ሲደረግ 3.6 ጊጋባይት ሆነ። ቴሌግራም ደግሞ በነጻ አካውንት ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አያስተላልፍም።

ብዙዎቻችን የፋይልን መጠን የሚወስነው የምስሉ ስፋት ወይም ኤምፒ4 መሆኑ ይመስለናል። መጠኑን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የቪዲዮው ርዝመትና ቢትሬቱ። ቢትሬት ማለት ለእያንዳንዱ ሴኮንድ የሚመደበው የመረጃ መጠን ነው። ርዝመቱን አንቀይረውም፤ ስለዚህ ጨዋታው ሁሉ ቢትሬቱ ላይ ነው። ይህችን ስሌት ብቻ ያዙ፦ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ማለት በደቂቃ 7.5 ሜጋባይት፣ በሰዓት 450 ሜጋባይት ነው። ቢትና ባይት እንዳይምታቱባችሁ፤ 8 ቢት አንድ ባይት ነው።

አሁን ወደ ሲዲው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቪሲዲ ደረጃ ለምስሉ በሴኮንድ 1,150 ኪሎቢት፣ ለድምፁ 224 ኪሎቢት ይመድባል። ድምሩ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። ምስሉ 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው። ኮንቨርተሩ ላይ የተመረጠው ግን «ከፍተኛ ጥራት፣ 1080» የሚለው ነበር፤ ይህ ምርጫ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት መድቧል። 8 በ450 ሲባዛ 3,600 ሜጋባይት፤ ያው 3.6 ጊጋባይት ማለት ነው። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው። ምስሉን ወደ 1920 በ1080 ሲለጥጠው የነጥቦቹ ቁጥር 20 እጥፍ ይሆናል፤ ካሜራው ያላየውን ግን ከየትም አያመጣም። የአያትየው ፊት አንዲት መስመር እንኳ አልጠራችም።

መፍትሔው ምስሉን በነበረበት ስፋት መተው፣ ኮዴኩን ኤች.264 ማድረግ፣ ለምስሉ 600 ለድምፁ 128 ኪሎቢት መስጠት ነው። አንድ ሰዓቱ 330 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። ጥራቱ ብዙ ሳይጎዳ ግማሽ የሚሆነው ኤች.264 እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣና ከቪሲዲው ኤምፔግ-1 በጣም የተሻለ አጨማመቅ ያለው ስለሆነ ነው። ከእርሱም አዲስ የሆነው ኤች.265 ይበልጥ ያሳንሳል፤ ነገር ግን አሮጌ ስልኮች ላይ ላይከፈት ይችላል። እናት እጅ ላይ ያለው ስልክ አሮጌ ከሆነ ኤች.264 ይሻላል እንላለን።

ነጻው ሀንድብሬክ ላይ ስትሠሩ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። እዚያ የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ አርኤፍ የሚባል የጥራት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ፋይሉ ይተልቃል። ብዙ ሰው ተቃራኒው ይመስለዋል። ለአነስተኛ ምስል ከ18 እስከ 22፣ ለ1080 ከ20 እስከ 24 ይመከራል። በዚህ መንገድ ስንሠራ ፕሮግራሙ ጥራቱን እንጂ መጠኑን አይጠብቅም። ከድሮ የቪዲዮ ካሴት የተገለበጠ ምስል ላይ የሚርመሰመሰውን ብናኝ እንደ ቁም ነገር ቆጥሮ እያንዳንዷን ነጥብ ሊያስቀምጥ ስለሚደክም፣ ፋይሉ ከዋናው ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ቁጥሩን ከፍ አድርጉ፤ ወይም ቢትሬቱን ራሳችሁ ወስኑ።

ሙሉውን ከመሥራታችሁ በፊት ሰዎች የሚንቀሳቀሱበትን አንድ ደቂቃ ብቻ ኮንቨርት አድርጋችሁ በ60 አባዙት። ሰዓት ሙሉ ከመጠበቅ ያድናችኋል።

ዚፕ ስለማድረግ የሚጠይቁን አሉ። ቪዲዮ አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ ዚፕ ወይም ራር ከመጠኑ ይህ ነው የሚባል ነገር አይቀንስለትም።

የደርስ ቀረጻ ግን ሌላ ነው። ስልክ በ1080 ሲቀርጽ በደቂቃ ከ100 ሜጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ኡስታዙ ግን አንድ ቦታ ተቀምጠው ነው የሚያስተምሩት። እንቅስቃሴ ስለሌለ በ720 ስፋት 1 ሜጋቢት በቂ ነው። የኪታቡ ገጽ የሚታይ ከሆነ ሐረካው እንዳይደበዝዝ ትንሽ ጨምሩ። ኪታብ የማይታይ ከሆነ እኛ ቪዲዮውን ትታችሁ ድምፁን ብቻ ላኩ ባይ ነን። በ64 ኪሎቢት የአንድ ሰዓት ደርስ 29 ሜጋባይት ነው፤ ፓኬጅ ቆጥሮ ለሚገዛ ተማሪ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ፋይሉ ስልክ ላይ አልከፈት ያለው በመያዣው ዓይነት ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ውስጡ ኤች.264 ሆኖ ኤምኬቪ ከሆነ፣ እንደገና መጭመቅ አያስፈልግም። ኤፍኤፍኤምፔግ ምስሉን ሳይነካ ወደ ኤምፒ4 ያዛውረዋል፤ በሴኮንዶች ያልቃል፣ ጥራትም አይጠፋም። እንደገና መጭመቅ ግድ ሲሆን ሁልጊዜ ከዋናው ቅጂ ጀምሩ። ከተጨመቀው ላይ ደግሞ መጭመቅ የተገለበጠን ፎቶ ኮፒ እንደገና እንደመገልበጥ ነው።

ሥራውን ስትጀምሩ ላፕቶፑ በቂ ቻርጅ ይኑረው። ኤምፒ4 ማውጫውን የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ 95 በመቶ ደርሶ መብራት ቢሄድ ፋይሉ አይከፈትም። ሲዲውንም አዲሱ ፋይል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታይቶ፣ ቢያንስ ሁለት ቦታ እስኪቀመጥ ድረስ አትጣሉት።