በሩን ማን ያዘው? (አድራጊና ተደራጊ ግሥ በብልሽት ዘገባ ውስጥ)

«ያዘ» አድራጊ ግሥ፣ «ተያዘ» ደግሞ ተደራጊ ግሥ መሆኑን ቀደም ብላችሁ ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት ልዩነቱ በሥራ ላይ የሚያስከትለውን ውጤት እንመለከታለን።

አንድ ባለሙያ ቦሌ ካለው ቢሮው ሆኖ፣ በስተምሥራቅ ጎሮ በሚገኘው የአይሲቲ ፓርክ የተቀመጠ ሰርቨር ያዝዛል እንበል። የሚገባው ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 በሠራው ኤስኤስኤች በተባለ ፕሮግራም ነው። የዚህ ፕሮግራም መደበኛ በር (ፖርት) 22 ቁጥር ነው። በር ስንል መዝጊያና ማጠፊያ ያለው አይደለም፤ ከሩቅ የመጣ መልእክት ለየትኛው ፕሮግራም እንደሚደርስ የሚለይ ቁጥር ነው። ቁጥሮቹ እስከ 65535 ይደርሳሉ፤ ሆኖም በተለመደው አሠራር፣ በአንድ አድራሻ ላይ አንዱን በር የሚጠብቀው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው።

ባለሙያው ቅንብሩን አሻሽሎ ፕሮግራሙን ሊያስነሣ ሲሞክር፣ በአማርኛ «አድራሻው ተይዟል» የሚል ትርጉም ያለው መልእክት ይመጣለታል። ግሡን አስተውሉ። ተደራጊ ነው፤ አድራጊው አልተጠቀሰም። መልእክቱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የተተወው ዋናው ጉዳይ ነው። ባለሙያው ቸኩሎ በሩን የያዘውን ፕሮግራም ቢያጠፋ፣ ያጠፋው ራሱ የገባበትን ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ከወጣ መመለሻ የለውም፤ ጎሮ ድረስ በአካል መሄድ ግድ ይሆንበታል።

ስለዚህ አስቀድሞ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ይፈልጋል። በሊኑክስ «ኤስኤስ» የተባለው ትእዛዝ፣ ተገቢው ምልክት ታክሎበት በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሲሰጥ፣ እያንዳንዱን በር የያዘውን ፕሮግራም በስሙ ያሳያል። ብዙ ጊዜ ያዡ ቀድሞ የተነሣው ያው ኤስኤስኤች ሆኖ ይገኛል፤ እንዲህ ከሆነ ሁለተኛ ማስነሣት አያሻም፣ የቀደመው ቅንብሩን እንደገና እንዲያነብ ማዘዝ ይበቃል። በሌላ ጊዜ ያዡ ሌላ ፕሮግራም ቢሆን ግን ለአንደኛቸው የተለየ ቁጥር፣ ለምሳሌ 2222፣ ይሰጣል። ያን ጊዜ የፋየርዎሉን ፈቃድ ማስተካከልና አዲሱን ቁጥር ለተጠቃሚዎች መንገር ያስፈልጋል።

አሁን ሁለቱን ዘገባዎች አወዳድሩ፦

ሀ. በሩ ስለ ተያዘ ፕሮግራሙ አልተነሣም።

ለ. ቀድሞ የተነሣው ኤስኤስኤች 22ኛውን በር ስለ ያዘው አዲሱ ሊነሣ አልቻለም።

በሰዋስው ረገድ «ሀ» ነቀፋ የለበትም። አድራጊው በማይታወቅበት ጊዜም እንዲህ መጻፍ ተገቢ ነው። ዘገባው የሚደርሰው የማታ ተረኛ ግን ከ«ሀ» ተነሥቶ የቱን ፕሮግራም እንደሚነካ፣ የቱን እንደሚተው ሊያውቅ አይችልም።

መልመጃ፦ «መስመሩ ተቋርጧል»፣ «ፋይሉ ተሰርዟል»፣ «የይለፍ ቃሉ ተለውጧል» የሚሉትን ተስማሚ ባለቤት እየሰጣችሁ በአድራጊ ግሥ ጻፉ። ከሦስቱ ባለቤቱ ሳይታወቅ ሊቀር የሚችለው የትኛው እንደ ሆነ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።