ሁለት ሰርቨር፣ አንድ ትእዛዝ

«ጋሼ፣ ሁለቱም ሰርቨሮች ላይ ገቢ ሩሉን የሚሰርዝ ያው ትእዛዝ ነው የሰጠሁት። አንደኛው ወዲያው አስወጣኝ፤ ሁለተኛው ላይ ግን እስካሁን ውስጥ ነኝ። የተሳሳተው የእኔ ኮድ ነው ወይስ አማዞን?»

ጠያቂው ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ገሳይ የገባ ወጣት ነው። ለአንድ የድንች አምራቾች ማኅበር የሽያጭ መመዝገቢያ ሠርቷል። ድንቹ ከጉና ተራራ ግርጌ ይመረታል፤ ሂሳቡ ግን ኬፕ ታውን ይቀመጣል። አማዞን በ2020 እ.ኤ.አ. አፍሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን የክላውድ ማዕከል የከፈተው እዚያ ነውና። ተጠያቂው ደግሞ አዲስ አበባ በኔትወርክ ሥራ አርጅተው ወደ አገራቸው የተመለሱ፣ ዛሬም በርቀት የሚሠሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው አዞሩት።

«የመጀመሪያው ላይ የነበረው ሩል ምን ይላል?»

«ፖርት 22፣ ከ0.0.0.0/0።»

«ሁለተኛውስ?»

«ፖርት 22፣ ከእኔ አይፒ ብቻ።»

«በቃ፣ ነገሩ እሱ ነው። አንተም አልተሳሳትክ፣ አማዞንም አልተሳሳተ።»

ገቢ ሩል ወደ ሰርቨሩ ማን፣ በየትኛው ፖርት መግባት እንደሚችል የሚወስን መስመር ነው። አማዞን ዘንድ እነዚህ መስመሮች ሴኩሪቲ ግሩፕ በሚባል ስብስብ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ እዚያ ውስጥ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ነው። ፖርት 22 ሰርቨሩን ከርቀት ለማዘዝ የሚገቡበት ነው፤ 0.0.0.0/0 ማለት ደግሞ የዓለም የአይፒቪ4 አድራሻ በሙሉ ማለት ነው።

«መግቢያውም መውጫውም ለሁሉም ክፍት ከሆነ» አሉ ጋሼ፣ «ሴኩሪቲ ግሩፑ ግንኙነቶቹን አይመዘግብም። ሩሉ ሲነሳ ግንኙነቱም አብሮ ይቆረጣል። ለአንድ አድራሻ ብቻ የፈቀድክ እንደሆነ ግን እያንዳንዱን ግንኙነት ይመዘግባል፤ ተመዝግቦ የገባውን ሩሉ ቢሰረዝም አያስወጣውም። ድግስ በር ላይ እንደቆመ አስተናጋጅ ቁጠረው፤ የጥሪ ወረቀት የሚጠይቀው የሚገባውን ነው፣ ማዕድ የቀረበውን አያስነሳም።»

«እስከ መቼ?»

«ግንኙነቱ እስኪዘጋ። ምንም ሳይላክበት ዝም ያለ የቲሲፒ ግንኙነት እንኳ በብዙዎቹ የሰርቨር ዓይነቶች ላይ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል።»

ወጣቱ ዝም ብሎ አሰበና «እንግዲያ ሌባ ቀድሞ ገብቶ ቢሆንስ?» አለ።

«አንተ ሩሉን ሰርዘህ ትተኛለህ፣ እሱ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ወይ ሰርቨሩ ላይ ገብተህ ግንኙነቱን በእጅህ ትቆርጣለህ፣ ወይ በኔትወርክ ኤሲኤል ትዘጋለህ። ኤሲኤል የቆየ ግንኙነት ብሎ አያስተናግድም፤ የሚያልፈውን ፓኬት ሁሉ በየተራ ይፈትሻል።»

ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ መጣ፦ መጀመሪያውኑ ለምን ለዓለም ሁሉ ተከፈተ?

ወጣቱ አልደበቀም። የሚሠራው በሞባይል ዳታ ነው። መስመሩ ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር አይፒው ይቀየራል፤ አዲሱን እየፈለጉ ሩሉን ማስተካከል ደግሞ ያሰለቻል። «ለጊዜው ብዬ ነበር» አለ።

«ለጊዜው የተከፈተ ነው ብዙ ሰው ያስለቀሰው» አሉ ጋሼ፣ የ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያን አስታውሰው። ያኔ በኢንተርኔት ላይ ለማንም ተጋልጠው፣ ያለ ይለፍ ቃል የተቀመጡ የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች በአስር ሺዎች ተጠረጉ። ወራሪዎቹ ዳታውን አጥፍተው፣ በቦታው በቢትኮይን ክፈሉ የሚል መልእክት ትተው ሄዱ። የሞንጎዲቢን ፖርት፣ 27017ን፣ ከውጭ የሚፈቅደው መስመር ቢነሳ ኖሮ አብዛኞቹ አይነኩም ነበር።

ወጣቱ ሩሎቹን የሰረዘበትን ስክሪፕት ከፈተ። በፓይተን የተጻፈ ነው፤ ቦቶ3 የተባለውን የአማዞን ላይብረሪ ይጠቀማል። የሚጠራው ፈንክሽን «ሪቮክ ሴኩሪቲ ግሩፕ ኢንግረስ» ይባላል፤ የግሩፑን መለያ፣ ፕሮቶኮሉን፣ ፖርቱንና አድራሻውን ይቀበላል።

«እዚህ ጋ ተጠንቀቅ» አሉ ጋሼ፣ ጣታቸውን የአድራሻው መስመር ላይ አሳርፈው። «የጻፍከው ካለው ሩል ጋር ልክ ለልክ ካልገጠመ አይሰረዝም። አንተ በፈጠርከው ቪፒሲ፣ ማለትም አማዞን ውስጥ በተከለለ የራስህ ኔትወርክ፣ ውስጥ ከሆነ ስህተት ብሎ ይጮኻል። በነባሪው ቪፒሲ ውስጥ ከሆነ ግን ስህተት አያሳይም፤ ያልተሰረዙትን በመልሱ ውስጥ ዘርዝሮ ዝም ይላል። መልሱን የማያነብ ስክሪፕት ተሳክቷል ብሎ ይዘጋል፣ ሩሉ ግን እንዳለ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ሩል የራሱ መለያ አለው። ፖርትና አድራሻ ከምትገልጽለት መለያውን ስጠው። ከመሰረዝህ በፊት ያሉትን ዘርዝረህ ፋይል ላይ አስቀምጥ፣ መመለስ ቢያስፈልግህ። ከሰረዝክ በኋላም እንደገና ዘርዝርና አስተያይ።»

ወጣቱ እዚያው ዘረዘራቸው። 0.0.0.0/0 ጠፍቷል። ከሥሩ ግን ፖርት 22 በ::/0 ተፈቅዶ ቁጭ ብሏል።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«የአይፒቪ6 ነው፣ ያው ዓለም በሌላ መንገድ። ብዙ ሰው አንዱን ሰርዞ ሌላውን ይረሳል።»

የሚቀጥለው ጥያቄ ስለ ቴራፎርም ነበር፤ ሰርቨሮችንና ሩሎችን በፋይል በተጻፈው መሠረት የሚፈጥርና የሚያስተካክል መሣሪያ ነው። ማኅበሩ ሥራውን ሲያሰፋ ሁሉም ነገር በቴራፎርም ፋይል እንዲጻፍ ወጣቱ አስቧል። ጋሼ ሐሳቡን ወደዱት፤ ሆኖም ሁለት ነገር አስጠነቀቁት። አንደኛው፣ በፋይሉ የተጻፈን ሩል በስክሪፕት ቢሰርዙት ቴራፎርም በሚቀጥለው ዙር መልሶ ይፈጥረዋል፤ ስለዚህ ማንሳት ያለበት ከፋይሉ ነው። ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። በሴኩሪቲ ግሩፑ ውስጥ የተጻፉትን የኢንግረስ (የገቢ ሩል) ብሎኮች በሙሉ ከፋይሉ ቢያጠፏቸው ቴራፎርም ይህን እንደ «ሰርዝ» አይቆጥረውም፤ ሩሎቹን እንዳሉ ይተዋቸዋል። ሁሉንም ለማንሳት ኢንግረስ = [] ብሎ ባዶነቱን በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል።

«ወደ ማይክሮሶፍት አዙር ወይም ወደ ጉግል ክላውድ ብንዛወርስ? ያው ነው?»

«የለም፣ እዚያ መሰረዝ ራሱ ሊከፍት ይችላል» አሉ። የአማዞን ሴኩሪቲ ግሩፕ የሚያውቀው መፍቀድን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሩል በተሰረዘ ቁጥር መግቢያው ይጠባል። አዙርና ጉግል ግን የሚከለክል ሩልም አላቸው፤ ሩሎቹም በቅደም ተከተል ቁጥር ይታያሉ፣ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። አዙር ላይ ገቢውን ሁሉ የሚዘጋው ነባሪ ሩል 65500ኛ ላይ ነው፤ ጉግል ላይ ደግሞ 65535ኛ። ከእነሱ በላይ ያለ አንድ ከልካይ ሩል ቢሰረዝ፣ ከሥሩ ተሸፍኖ የኖረ ፈቃጅ ሥራ ሊጀምር ይችላል።

ወጣቱን በጣም ያስጨነቀው ግን ሌላ ነበር። «ፖርት 22ን ዘግቼ ሰርቨሩ ቢታመምብኝ በየት እገባለሁ?»

ጋሼ ሴሽን ማናጀር የተባለውን የአማዞን አገልግሎት አሳዩት። ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም በፖርት 443 ወደ ውጭ ወጥቶ ከአማዞን ጋር ይገናኛል፤ ባለቤቱም በዚያው ግንኙነት ይገባል። አንድም ገቢ ፖርት መክፈት አያስፈልግም፤ የሞባይሉ አይፒ ቢቀያየርም ለውጥ የለውም። «መጀመሪያ በዚህ ገብተህ እይ። ከሠራልህ በኋላ 22ን ሰርዝ። ከዚያ ከሌላ ኔትወርክ፣ ከጎረቤት ስልክም ቢሆን፣ በ22 ለመግባት ሞክር፤ እምቢ ሊልህ ይገባል።»

«ወደ ውጭ መውጣት ለዚያ ፕሮግራም ከተፈቀደ ለሌላውም ተፈቅዷል ማለት አይደል?»

ይህን ሲሰሙ ሽማግሌው ፈገግ አሉ። አዎ፣ አዲስ የተፈጠረ ሴኩሪቲ ግሩፕ መውጫውን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ነው የሚጀምረው። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ሌ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ፣ አዲስ አበባ ከሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ሰርቨሮች ለዓመታት በየሌሊቱ መረጃ ወደ ሻንግሃይ ይላክ እንደነበር ዘግቧል። ቻይናም ኅብረቱም አስተባብለዋል። «የእነሱ ክላውድ አልነበረም፣ የራሳቸው ሰርቨር ነው። ግን የተባለውን ልብ በል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። እንዲህ ያለውን የገቢ ሩል በመሰረዝ አታቆመውም።»

ቀጥሎ የጻፉት ስክሪፕት መውጫዎቹን ዘርዝሮ የሚያሳይ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ዝማኔ የሚያወርደው፣ የሂሳቡን ቅጂ የሚልከውና ሴሽን ማናጀርን የሚያገኘው በየት በየት እንደሆነ ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ፣ የሚሰርዝ መስመር እንዳይገባበት ጋሼ ከለከሉ።